በሚካኤል ዕለት ያልነበርነው ሁለት ሰዎች

እኔ ሰው አላምንም። በኋላ እንዳትገረሙብኝ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ገበያ የገዛሁትን ጨው ሁለት ጊዜ የምቀምስ፣ ጎረቤት በጠዋት «እንዴት አደርህ?» ሲለኝ «ምን ፈልጎ ይሆን?» የምል ሰው ነበርሁ። ባለቤቴ ደብሬ «አንተ እኮ ጥላህም ቢከተልህ ዙረህ ትገላምጠዋለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። የማጫውታችሁ ነገር ግን የደረሰው፣ ከመንደሩ ሁሉ ሊጠረጠር የሚገባው ሰው እኔው ራሴ በሆንሁበት ዓመት ነው።

ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ገባ ባለች መንደር በቆሎና በርበሬ አርሳለሁ። በፊተኛው ክረምት አጠውልግ የሚባለው በሽታ በርበሬዬን ከነሥሩ ጨርሶት ነበር። ማዳበሪያ በሰዓቱ አይገባ፣ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈት ሦስት ቀን ይዘጋ፣ ብቻ ቤቴ ባዶ ሁኖ ነበር። በዚህ መሃል፣ ግንቦት ላይ፣ ሙላት መጣ።

ሙላት አብሮ አደጌ ነው። ቡሬ ገብቶ የጭነት መኪና ረዳት ከሆነ ወዲህ ግን አነጋገሩም አረማመዱም ሌላ ሆነ። አጥሬ ሥር ቁጭ ብሎ ከኪሱ በላስቲክ የተቋጠረ ዘር አወጣ።

«ይሁኔ፣ ይኸ ቢዝነስ ነው። በበቆሎው መሃል ትዘራዋለህ፤ በቆሎው ይሸፍነዋል። ሲደርስ ታደርቀዋለህ። እኔ በመኪና እወስደዋለሁ። አለቀ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«መድኃኒት ነው።»

«የምን መድኃኒት?»

ሳቀ። «የሐሳብ መድኃኒት ነዋ!»

ሐሺሽ መሆኑ ገባኝ። አልገባኝም ብል ውሸት ነው። ቢያዝብኝ ፍኖተ ሰላም ወርጄ እንደምታሠርም አውቃለሁ። ያን ሁሉ እያወቅሁ ዘሩን ተቀበልሁት። ጨው ሁለቴ የምቀምስ ሰው፣ ዘሩን አንዴም ሳልቀምስ ተቀበልሁት።

እንግዲህ ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ እንደዚያ ያለ ጭንቅ የሆነ አዝመራ አይቼ አላውቅም። ሌላውን እህል ስታበቅል ዝናብና ተባይ ነው የምትፈራው። ይኸን ስታበቅል የምትፈራው ሰው ነው። ነሐሴ ላይ ተራዬ ደርሶ ጎረቤቶቼ ለአረም ወንፈል ሊመጡልኝ ሲሉ «ዘንድሮ ለብቻዬ ነው የማርመው» አልሁ። በእኛ አገር ለብቻዬ አርማለሁ የሚል ወይ ከሰው የተጣላ ነው ወይ ያበደ። «ምን ሁነህ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማሳዬ ዳር ያለፈ ሰው ሁሉ አንገቱን የሚያሰግግ ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ደግሞ ሽታው መጣ። ድመት የሸናችበት ጦስኝ የመሰለ ሽታ! ሸሚዜ ይሸታል፣ ጺሜ ይሸታል። ደብሬ አንድ ማታ አጠገቤ ቁጭ ብላ አሸተተችኝና ፊቷ ተለወጠ።

«ይኸ የምን ሽቶ ነው?»

«የምን ሽቶ! የማሳ ሽታ ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ማሳ ስትውል እንዲህ ሸተህ አታውቅም። ማናት?»

እኔ እሷን ነገር ታወጣብኛለች ብዬ ስጠረጥር እሷ ሴት ይዟል ብላ ጠረጠረችኝ። የሴቱን ጥርጣሬ ብተወው ይሻላል ብዬ ዝም አልሁ። አይ እኔ!

ማድረቁም አልሆነልኝም። የማውቀው በርበሬ ማድረቅ ነው። እንደ በርበሬ ሸራ ላይ ባሰጣው አላፊ አግዳሚው ያየዋል፤ ስለዚህ በማሳዬ ጥግ ጦጣ የምጠብቅባት ጎጆ ውስጥ አጨቅሁት። አየር የለ ምን የለ፣ ግማሹ ሻገተ። ሙላት ደውሎ «ከሚካኤል በኋላ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። ለእኔ ግን የሚካኤል ማግስት አስፈሪ ነበር። በመንደራችን ወግ የኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ የታጨደው ማሳ ሁሉ ለከብት ይለቀቃል፤ እረኛው ሁሉ በማሳህ ይመላለሳል። ስለዚህ ቅጠሉን በጆንያ ከትቼ መደበቅ የምችለው በዚያው በሚካኤል ዕለት፣ ሰው ሁሉ ለንግሥ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ብቻ ነበር።

በዕለቱ «ሆዴን ቆረጠኝ» ብዬ ተኛሁ። ደብሬ ልጃችንን ይዛ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። እንደወጣች ተነስቼ ወደ ጎጆዬ ሄድሁ።

ረፋድ ነበር። ከሩቅ የከበሮው ድምፅ ይሰማል። የሻገተውን ከደህናው ስለይ ከታች ከቦረቦሩ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። በጎጆዋ ግድግዳ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ሙላት ነው። እሱን ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ቦራ አለ።

ቦራ የእትዬ ጥሩ በሬ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ነው ቦራ የተባለው። እትዬ ጥሩ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከቦራ ሌላ በሬ የላትም። እኔም ያለኝ አንድ በሬ፣ ዳልቻ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አይጠመድምና መቀናጆ ነን፤ አንድ ቀን የእሷን ማሳ፣ አንድ ቀን የእኔን እያረስሁ አራት ዓመት ቦራንና ዳልቻን ጠምጃለሁ። ቦራን ጨለማ ውስጥ እንኳ በእርምጃው አውቀዋለሁ።

ሙላት ገመዱን ይዞ ወደ ሽንዲ አቅጣጫ ይነዳዋል። አንዴ ቀና ብሎ ወደ ጎጆዬ ተመለከተ። አየኝ? አላየኝም? ወዲያው ከላይ በኩል ካለው የእግር መንገድ ሳል ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ሳለ። የሙላት ግብረ አበር ነው ብዬ በጆንያዎቹ መሃል ተደፍቼ ቀረሁ። ሳሉ ሲርቅ፣ ሙላትም ሲጠፋ፣ ጆንያውን እንኳ ሳላስር ቤቴ ሮጬ ገብቼ ተሸፋፍኜ ተኛሁ። ያን ጊዜ በእውነት ሆዴን ቆረጠኝ።

ማታ እትዬ ጥሩ ከንግሥ ተመልሳ በረቷን ባዶ አገኘችው። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «በምኔ ላርስ? ልጆቼን በምን ላሳድግ?» እያለች ደጄ ድረስ መጣች። «ይሁኔ፣ ቦራን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ፈልግልኝ» አለችኝ። ከብርድ ልብሴ ሥር ሁኜ «አሞኛል እትዬ» አልኋት።

መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለሕግ የሚያመለክት አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ «የአባቶቻችንን አውጫጭኝ እንጥራ» አሉ። ለማያውቀው፣ አውጫጭኝ ማለት ሌባው እስኪወጣ ድረስ አገሬው በሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚውልበት ሸንጎ ነው። ሁሉም በተራ የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየ ይናገራል። ቀርቶ የተገኘ ራሱን አስጠረጠረ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከዋርካው ሥር ተሰበሰብን። መሪው አያ ቸኮል ናቸው፤ ጥርስ የላቸውም እንጂ ዓይናቸው ሰው ይበሳል። ሙላትም መጥቷል! ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ከእኔ ጎን ቁጭ ብሎ የተቆላ ሽንብራ ይቆረጥማል።

«በሚካኤል ዕለት ንግሥ ያልነበረ ማነው?» አሉ አያ ቸኮል።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሙላት ጠዋት ንግሡ ላይ ለሰው ታይቶ ስለነበር ከነበሩት ተቆጠረ፤ ሲቆጠር ሲቆጠር ሁለት ሰዎች ቀረን። አንዱ እኔ፣ አንዱ አያ እንድሪስ።

አያ እንድሪስ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ እስላም ናቸው። ሃያ ዓመት ከእኛ ጋር ኖረዋል፤ በሚካኤል ቀን ንግሥ አይሄዱም፤ ማን ይሄዳሉ ብሎስ ይጠብቃል? ያን ቀን ግን ያ ሁሉ ተረሳ።

እኔን ደብሬ አዳነችኝ። ተነስታ «ባሌ ሆዱን ታሞ ተኝቶ ነበር» አለች። ተኝቼ ትታኝ ሂዳለች፤ ተኝቼ አግኝታኛለች፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«እርስዎስ አያ እንድሪስ?»

«በርበሬ ለማየት ወደ ታችኛው መንደር እየወረድሁ ነበር።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«እኔን ያየኝ ሰው መኖሩን አላውቅም። አላህ አይቶኛል» አሉ።

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «በሬ መሸጫውንማ የሚያውቀው ነጋዴ ነው!» አለ። አያ ቸኮል በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «አንተ፣ እኚህ ሰው እዚህ ሲመጡ አንተ አልተወለድህም! ዝም በል!» አሉት። ነገሩ ግን አንዴ ከአፍ ወጥቷል። ሰው አያ እንድሪስን በጎን ያያቸው ጀመር።

ሙላት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ቆሎ ውሰድ» አለኝ። ቀጥሎ በሹክሹክታ «መንገዱ እንደተከፈተ መኪናው ይመጣል። አፍህን ያዝ። እኔ ከወጣሁ አንተም ትወጣለህ» አለ። ሽንብራውን በእጄ ላይ አፈሰሰልኝ። እኔም ተቀበልሁት፤ እንደ ዘሩ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሽማግሌዎቹ ብይን ሰጡ። እስከ ነገ ቀትር ሌላ ሰው ካልወጣ አያ እንድሪስ በሬውን ይተካሉ፤ ከዚያ ወዲያ መንደሩ እሳት አይጭርላቸውም፣ ውሃ አያቀብላቸውም። ይህ ማለት አገር ልቀቅ ማለት ነው። አያ እንድሪስ አልተከራከሩም። ተነስተው ሄዱ። ሲያልፉ አንዴ አዩኝ፤ ቶሎ ፊታቸውን መለሱ። እኔ ደግሞ ምን አልሁ መሰላችሁ? «ይኸ ሰውዬ እኔ ላይ ሊያዞረው ነው» ብዬ ጠረጠርሁ! እንዲህ ያለ ሰው ነበርሁ።

ቤት ገብቼ እራት ቀረበ፤ አልበላ አለኝ። ደብሬ ሳህኑን ገፋ አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ይሁኔ፣ ዛሬ ስለ አንተ አገር ፊት ቆሜያለሁ። የምትሄድባትን ሴት ስሟን ንገረኝ።»

«ሴት የለችም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

ነገርኋት። ዘሩን፣ ጎጆዋን፣ ሙላትን፣ ቦራን። ስጨርስ ፊቷ ላይ መጀመሪያ እፎይታ አየሁ። ከዚያ ያ እፎይታ እንደ መጣ ጠፋ።

«ሴት ብትሆን ይሻል ነበር» አለች። «ሴት ብትሆን እኔን ብቻ ነበር የምታዋርደኝ። ልጅህ በኩፍኝ ሲቃጠል፣ መኪና በጠፋበት ቀን፣ በማን በቅሎ ነው ቡሬ የደረሰው?»

በአያ እንድሪስ በቅሎ ነበር። እሳቸው በእግራቸው፣ ልጄ በቅሎዋ ላይ፣ በዝናብ።

«ነገ ተናገር» አለች ደብሬ። «አለዚያ እኔ ሳላውቅ የዋሸሁትን እኔው አነሳዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ብልጠት ይዤ መጣሁ። በአውጫጭኝ ወግ በሸንጎ ለመናገር የፈራ ሰው ለሽማግሌው ለብቻው መንገር ይችላል፤ ሽማግሌውም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያወጣዋል። እኔም አያ ቸኮልን ከዋርካው ጀርባ አገኘኋቸውና «አያ፣ ሙላት ነው፤ ወፍ ነገረችኝ ይበሉ» አልኋቸው።

«የት ሁነህ አየኸው?»

«ሰምቼ ነው።»

«ከማን?»

«እንደው... ሲወራ።»

አያ ቸኮል ትከሻዬን ያዙ። «ልጄ፣ ወፏ የትኛው ዛፍ ላይ ሁና እንዳየች ካልተናገረች በወሬ ሰው አላስርም። እንድሪስን በወሬ ልንጥል ደርሰናል፤ ሙላትን ደግሞ በወሬ ልጨምር?» ብለውኝ ሄዱ።

ቀትር ደረሰ። አያ እንድሪስ መጡ፤ በቅሎዋን እየሳቡ። መሃል ላይ ቆሙ።

«በሬ አልሰረቅሁም» አሉ። «እምልላችኋለሁ፣ ወላሂ። ግን እትዬ ጥሩ በምን ታርሳለች? እኔና እናንተ ስንካሰስ የእሷ ልጆች መራብ የለባቸውም። በቅሎዬን ሸጣችሁ በሬ ግዙላት። እኔ አገሬን እለቃለሁ።»

የበቅሎዋን ገመድ ለእትዬ ጥሩ ዘረጉላት። እትዬ ጥሩ እጇን ሰብስባ «ኧረ እኔስ እንዴት አድርጌ!» ብላ አለቀሰች። በቅሎዋ ወደ እኔ ዞራ ጆሮዋን አንቀሳቀሰች። ልጄ ያን ቀን ያንን ጆሮ ጨብጦ ነበር ቡሬ የገባው።

ከዚያ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ብቻ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«እኔ አይቻለሁ!»

ሙላት ሸሚዜን ይዞ ጎተተኝ። አያ ቸኮል «አንተ ታመህ ተኝተህ አልነበር?» አሉ።

«አልታመምሁም። ደብሬ አልዋሸችም፤ እሷንም ያታለልሁ እኔ ነኝ። የጦጣ መጠበቂያ ጎጆዬ ውስጥ ነበርሁ። ሙላት ቦራን በቦረቦሩ ወደ ሽንዲ ሲነዳው በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በንግሥ ቀን ጎጆ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ሙላት ብድግ አለ። «ሐሺሽ ሲያደርቅ ነዋ! ሂዱና እዩ፣ ጎጆው ሙሉ ሐሺሽ ነው! እንዲህ ያለ ሰው ነው በእኔ ላይ የሚመሰክር?»

አያ ቸኮል ቀስ ብለው ወደ ሙላት ዞሩ።

«ልጄ፣ የሰው ጎጆ ውስጥ ያለውን አንተ እንዴት አወቅህ?»

ሙላት ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሽንብራው ከጋቢው ውስጥ መሬት ላይ ተበተነ።

አገር ተነስቶ ወደ ጎጆዬ ወረደ። ያን መንገድ የመሰለ ረጅም መንገድ አልሄድሁም። አያ ቸኮል በሩን ገፍተው ገቡና ወዲያው አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። «ለዚህ ነው ንግሡን የተውኸው? ለዚህ ሻጋታ?» አሉኝ። ያ ጎረምሳ «እናቃጥለው!» ሲል አንድ አስተማሪ ጎረቤታችን «ኧረ ተው፣ ጭሱ መንደሩን ሁሉ ያሰክረዋል!» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጉድጓድ አስቆፍረውኝ በገዛ እጄ ቀበርሁት።

ሙላት ሳይመሽ እውነቱን አወጣ። ቦራ ሽንዲ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ገበያ ቀን እየጠበቀ ታስሮ ተገኘ። እትዬ ጥሩ አንገቱን አቅፋ ስትስመው ቆሜ አየሁ፤ ቀርቤ ግን ልነካው አልደፈርሁም። ለእኔ የተፈረደብኝ ዓመቱን ሙሉ የእትዬ ጥሩን ማሳ አስቀድሜ እንዳርስና በሸንጎ ፊት ይቅርታ እንድጠይቅ ነው። ለሕግ ያልሰጡኝ ስለራሩልኝ እንዳይመስላችሁ፤ መንገዱ ዝግ ስለነበር ነው። እስካሁንም «ሕመምተኛው» ነው የሚሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ድንጋይ ተሸክሜ አያ እንድሪስ ደጅ ወደቅሁ። አነሱኝ። ድንጋዩን ራሳቸው ከትከሻዬ አውርደው አጥር ሥር አኖሩት። ሊናገሩ ሲሉ የበርበሬ ብናኝ ያመጣባቸው ሳል ያዛቸው። ሁለት ጊዜ ሳሉ።

ያንን ሳል አወቅሁት።

«አያ፣ ያን ቀን በላይኛው መንገድ...»

«እኔ ነበርሁ» አሉ። «ሽታህን ከወር በፊት ነው ያወቅሁት። የበርበሬ ነጋዴ የሚኖረው በአፍንጫው ነው። ያን ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ጀርባህን አየሁ። ሰው እያለፈ መሆኑን እንድታውቅ ብዬ ሳልሁ።»

«ታዲያ ሸንጎው ፊት ለምን አልተናገሩም? 'ይሁኔ ጎጆው ውስጥ ነበር፣ እሱን ጠይቁት' ቢሉ እኮ ይድኑ ነበር!»

«አንተ በሬ እንዳልሰረቅህ አውቃለሁ። እኔ ለመዳን ብዬ የአንተን ጉድ ብገልጥ አንተ ትታሠራለህ፣ ደብሬ ውሸታም ትባላለች፣ ልጅህ...» እጃቸውን አወዛወዙ። «ራስህ ትነሳለህ ብዬ ጠበቅሁ።»

«ባልነሳስ?»

«በቅሎዋ ትሄድ ነበር። እኔም እሄድ ነበር። ምን ላድርግ?»

እንደ ሕፃን አለቀስሁ። አላፍርም፤ አለቀስሁ።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ዕድሜዬን ሙሉ «ማን ጉዴን ያወጣብኝ ይሆን?» እያልሁ ሰው ስጠረጥር ኖሬያለሁ። ጉዴን አውቆ የሚሸፍነኝ፣ ሸፍኖኝም ስለ እኔ የሚከፍል ሰው ይኖራል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርሁም። ከዚያ በኋላ ፍጹም ሰው አማኝ ሆንሁ ብላችሁ አትመኑኝ፤ ጨውን አሁንም እቀምሳለሁ። ግን ጎረቤት «እንዴት አደርህ?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ እመልሳለሁ። በወንፈልም የመጀመሪያው ደራሽ እኔ ነኝ።

ዘንድሮ በኅዳር ሚካኤል ደብሬንና ልጄን ይዤ ወደ ንግሥ ስወጣ በአያ እንድሪስ ደጅ አለፍን። ጆንያ እየሰፉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ሁለት ጊዜ ሳሉ። ሳላቸው ይሁን ሆን ብለው፣ አልጠየቅኋቸውም። እኔም ቆም አልሁና ሁለት ጊዜ ሳልሁላቸው።